ወንድሜን ያላባረረው ክለብ

አገራችን ትንሽ ናት። አንዱ ዳር ያስነጠሰውን ሰው ሌላው ዳር ያለው «ይማርህ» ይለዋል። በእግር ኳስ ሊጋችን ውስጥ ያሉት ክለቦች አሥር ብቻ ናቸው፤ ወንድሜ ከአሥሩ ዘጠኙን አሠልጥኗል፣ ከዘጠኙም ተባሯል። ስለዚህ እውነተኛ ስሙ ተረስቶ ሰው ሁሉ «ሽኝት» ይለዋል። እናታችን ባወጣችለት ስም የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱንም ስቆጣው ነው። እንግዲህ በየቀኑ እጠራዋለሁ ማለት ነው።

ታላቅ እህቱ ነኝ፣ ሥራዬ ልብስ ማጠብ ነው። የሆቴሉ አንሶላ፣ የሐኪሙ ጋዋን፣ የተጫዋቹ ማሊያ በእኔ እጅ ያልፋል። እናታችን ስታርፍ እሱ ገና ጥርሱን የሚነቅል ልጅ ነበር፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ባሌም ከሞተ ወዲህ እዚህ አገር ዘመድ የምለው እሱን ብቻ ነው። ምን ዓይነት ዘመድ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ቤቴ ፎቅ ላይ ነው፤ ከበስተኋላ ባለችው ክፍል እሱ ይተኛል፣ ከፊት ያለው በረንዳ ደግሞ የኳስ ሜዳውን ቁልቁል ያያል። በረንዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ የልብስ ገመድ አለኝ። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ እሱ ገመድ ነው።

ወንድሜ ድሮ ተጫዋች ነበር፣ ተከላካይ። በዕድሜው ያገባቸው ጎሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ሁሉንም ያገባው በገዛ በረኛው ላይ ነው። እሱስ በማንም ይደርሳል። ነገር ግን አንዷን አግብቶ እጁን ዘርግቶ፣ በደስታ እየጮኸ ሜዳውን ሲዞር በዓይኔ አይቼዋለሁ። አፍሬ ከተመልካቹ መሀል ወጥቼ ሄድኩ። «ዓይንህን ላፈር፣ የቱ ጎል የማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም?» ስለው «እትዬ፣ አመታቷ እኮ ታምር ነበር» ብሎኝ አረፈው።

ከዚያ አሠልጣኝ ሆነ። የመጀመሪያው ክለብ ያባረረው ተጫዋቾቹን ያለ ኳስ አሠልጥኖ አሠልጥኖ ነው። «ኳሷ ትናፍቃቸው» ነው የሚለው። ናፍቀው ናፍቀው የጨዋታው ቀን ኳሷ ስትመጣ እንደ ትልቅ ሰው መንገድ ለቀቁላት። ሁለተኛው ጋ በረኛውን አጥቂ አደረገው። «ኳሱ እነሱ ጎል ጋ ከሆነ እኛ ጎል ጋ በረኛ ምን ይሠራል?» አለ። ተጋጣሚው መልሱን ሰባት ጊዜ ነገረው። ሦስተኛው ጋ የክለቡን ባለቤት ሴት ልጅ አጭቶ ነበር፤ የልጅቷን ወንድም ገና ሳያላበው ከሜዳ አስወጣና ክለቡንም እጮኛውንም በአንድ ቀን አጣ። አራተኛው ደግሞ ሥራ ሳይጀምር አሰናበተው፤ የትውውቁ ቀን «ጥቂት ቃላት» ብሎ ተነስቶ ሰው ቤቱ እስኪናፍቀው አልቀመጥ ስላለ። የቀሩትን ልተዋቸው፣ ሆዴ ይፍጀው።

አሥረኛው የሲሚንቶ ፋብሪካው ክለብ ነው፣ እዚሁ ከቤቴ ሥር የሚጫወተው። የቀጠሩት ሌላ የሚመጣ ስለጠፋ ነው፤ ይህንንም ሊቀመንበሩ ራሳቸው በይፋ ተናግረዋል። ሊቀመንበሩ የቤት ዕቃ ነጋዴ ናቸው፣ ሰውን ሲያዩ እንደ ቁም ሣጥን ገፋ ገፋ አድርገው ነው የሚያዩት። ተጫዋቾቹም እንደ እኛ እንጀራ ፈላጊ ናቸው። በረኛው ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ በር የሚሞላ ሰውነትና የሕፃን ልብ የተሰጠው። አጥቂው ፖስተኛ ነው። ትልቁ ተከላካይ መቃብር ቆፋሪ ነው፣ አጥቂዎች አጠገቡ መድረስ አይወዱም።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደህና ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን ኳሷ በረኛውን አልፋ ወደ ጎል ስትንከባለል ወንድሜ ከተቀመጠበት ተፈትልኮ ሜዳ ገባና በግንባሩ ተወርውሮ አወጣት። አዎ፣ አሠልጣኙ! በሱፍ ልብሱ! ዳኛው ጥርስ ሐኪም ነው፣ በሙያው ብዙ ጉድ ያየ ሰው ነው፣ ግን እሱም ፊሽካውን ከአፉ ጣለ። «አንተ ምን ሆነህ ነው?» ሲለው ወንድሜ ጭቃውን እየጠረገ «ልቤ አልቻለማ» አለ። ፌዴሬሽኑ እስከ ውድድሩ ፍጻሜ ከሜዳው አጥር ውስጥ እንዳይገባ አገደው።

ለእኔ እፎይታ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በረንዳዬ ላይ ቆሞ ገመዴን ያያል፣ ሜዳውን ያያል፣ ገመዴን ያያል።

«እትዬ፣ የታገድኩት እኔ ነኝ። ልብስ አልታገደም» አለኝ።

«ምን ልትል ነው ደግሞ?»

«ቀዩ ብርድ ልብስ ከተሰጣ ሁሉም ወደፊት። ነጩ አንሶላ ከተሰጣ ሁሉም ወደኋላ። ፎጣ በግራ በኩል ከዋለ በግራ፣ በቀኝ ከዋለ በቀኝ።»

«የሰው ልብስ ነው! የማጥበው ለደንበኛ እንጂ ለጦር ሜዳ አይደለም!»

ጆሮ ዳባ ልበስ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታ ሲኖር ገመዴ የእኔ መሆኑ ቀረ። እሱ ከኋላዬ ቆሞ «ቀዩን! ቀዩን! ኧረ ቶሎ በይ!» ይላል፣ እኔ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሴ ይዤ እሮጣለሁ። ተጫዋቾቹ ደግሞ ዓይናቸው ኳሱ ላይ ሳይሆን በረንዳዬ ላይ ሆነ። ከዕለታት አንድ ቀን ሆቴሉ ያለውን ነጭ አንሶላ ሁሉ ባንድ ጊዜ ላከብኝ። ጨዋታ መኖሩን ረስቼ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ሞላሁት። ከታች ቀና ብለው ያን ሁሉ ነጭ ሲያዩ ምን መዓት መጣ ብለው አሥራ አንዱም የገዛ ጎላቸው ውስጥ ገብተው ተፋፈጉ። እስኪያልቅ ድረስ አልወጡም። ተጋጣሚው በየት በኩል ያግባ? ዜሮ ለዜሮ ወጡ። የስፖርት ጋዜጠኛው በማግስቱ «የብረት ግንብ» ብሎ ጻፈላቸው። ድንቄም ግንብ!

እንዲህ እንዲህ እያልን የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ካሸነፍን ሊጉ ውስጥ እንቆያለን፣ ካላሸነፍን እንወርዳለን። ሊቀመንበሩ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ የቀረበላቸውን ወንበር ገፋ ገፋ አድርገው ሳይቀመጡ «ካላሸነፈ በቃ፣ ይሸኛል» አሉ። ወጡ።

ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «እትዬ» አለኝ፣ «ይሄኛው ካባረረኝ እኮ ከእንግዲህ የሚያባርረኝ እንኳ አይኖርም።» ቀጠለና ካባረሩት ጠረፍ ተሻግሮ የአጎታችን ልጅ ጋ መጋዘን ሊጠብቅ እንደሚሄድ፣ ከሰውየው ጋር መነጋገሩንም ነገረኝ።

«መልካም መንገድ! ቤቴም ይሰፋል፣ ገመዴም ያርፋል» አልኩት። ከዚያ ኩሽና ገባሁና ሽንኩርት ሳልከትፍ ዓይኔ አነባ። ለምን ይዋሻል? እሱ ከሄደ እኔ በዚያ ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የምቀረው? ከአንሶላ ጋር?

የጨዋታው ቀን ሰማዩ ጠዋቱን ሙሉ ፊቱን እንዳጠቆረ ነበር። ተጋጣሚው የምድር ባቡር ክለብ ነው፣ ወንድሜን ያባረረው አምስተኛው። ወይስ ስድስተኛው? ከእረፍት በፊት ጎል የለም። ከእረፍት በኋላም የለም። ወንድሜ በረንዳው ላይ ጥፍሩን በልቶ ጨረሰና የእኔን የልብስ መቆንጠጫ መብላት ጀመረ። «ቀዩን» አለ፤ ሰጣሁ። «ነጩን» አለ፤ ለወጥኩ። «የለም የለም፣ ቀዩን!» አለ። ከታች ያሉት ምስኪኖች ሊሮጡ ሲሉ ይመለሳሉ፣ ሊመለሱ ሲሉ ይሮጣሉ፤ ፖስተኛው አዙሮት ቁጭ አለ።

በመጨረሻ ወንድሜ ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ፣ ማየት አልችልም። ቀዩን ተይላቸው፣ እኔ ልተኛ» ብሎ ገባ። ተከትዬው ባይ በጀርባው ተጋድሞ ትራሱን ፊቱ ላይ ጭኖታል። «ቅበጥ» አልኩና በሩን ዘጋሁበት።

በረንዳው ላይ ስመለስ አንዲት የዝናብ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች።

እዚህ ላይ ልብስ አጣቢ የሆነ ሰው ይፍረደኝ። ጠብታ ከነካኝ እኔ አላስብም፤ እጄ ነው የሚያስበው። ቀዩን ብርድ ልብስ ነጠቅኩ፣ ፎጣውን ነጠቅኩ፣ የሐኪሙን ጋዋን ነጠቅኩ፣ ገመዱን ባዶ አስቀረሁት። ፊቴን ያራሰኝን ዝናብ በፎጣ ጠረግ ጠረግ አደረግኩ። የመስኮቶቹን መዝጊያ ጓ! ጓ! አድርጌ ዘጋሁና ልብሱን ታቅፌ ገባሁ። ቀዩ ብርድ ልብስ ትእዛዝ መሆኑ ወርቅ ቢያነጥፉልኝም ትዝ አይለኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ የሆነውን ያወቅኩት በኋላ ሲነግሩኝ ነው። በረኛው ትእዛዝ ለማየት ቀና ሲል ገመዱ ባዶ ነው። አሠልጣኙ በረንዳው ላይ የለም። እኔ በፎጣ ፊቴን እጠርጋለሁ። መስኮቱ በቀን ይዘጋል። ወንድሜ ደግሞ «እናንተ ልጆች አንድ ቀን ትገድሉኛላችሁ» ሳይላቸው ውሎ አያውቅም።

«ገደልነው!» ብሎ ጮኸ ዳቦ ጋጋሪው። «ሽኝት ሞተ!»

ወሬው ከበረኛው ወደ መቃብር ቆፋሪው፣ ከመቃብር ቆፋሪው ወደ ፖስተኛው ደረሰ። ሁሉም ማልቀስ ጀመሩ። ግን ጨዋታው አልቆመም፤ «ለነፍሱ!» እያሉ፣ እየተነፋረቁ መሮጥ ጀመሩ። አሁን የሚያዩት ገመድ ስለሌለ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሱን አዩት። የምድር ባቡር ተጫዋቾች «ምን ሆናችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሲነገራቸው ጉድ ፈላ። አገሩ ትንሽ ነው ብያችኋለሁ! ከእነሱም ውስጥ ወንድሜ ያላሠለጠነው ተጫዋች አልነበረም። አንደኛው ተከላካይ ራሱን ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሌላው ሊያጽናናው ጎንበስ አለ። ፖስተኛው በመሀላቸው እያለቀሰ አለፈ። በረኛቸው በሁለት እጁ ዓይኑን ሸፍኖ ይንሰቀሰቅ ነበር፤ ኳሷ በአጠገቡ ገብታ መረቡን ስትነካ እንኳ አላያትም። ዳኛውም ጎሉን ያጸደቀው በመሀረብ እየተናፈጠ ነው።

አንድ ለዜሮ! የፌሽታ ጩኸት የለም፣ ጭፈራ የለም፣ እርስ በርስ ተቃቅፎ ለቅሶ ብቻ።

እኔ ውስጥ ሆኜ አንሶላ አጥፋለሁ። ጩኸት ሰማሁ፣ ግን የለቅሶ ስለነበር «በቃ፣ ገባብን» አልኩ። ወንድሜን ልቀሰቅሰው ወደ በሩ ሄድኩና ተመለስኩ። ምን ብዬ ልንገረው? ትንሽ ይተኛ አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ደረጃው በሰው እግር ተንቀጠቀጠ። በሩን ብከፍት ሃያ ሁለቱም ተጫዋች በጭቃ ተለውሰው ከላይ እስከ ታች ደረጃዬን ሞልተውታል። ዳቦ ጋጋሪው እላዬ ላይ ወድቆ አቀፈኝ።

«እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት!»

«በምኑ?» አልኩ።

«በወንድምዎ!»

በስመ አብ! ወንድሜን እዚያ ክፍል ውስጥ ትቼው ወጥቻለሁ። ትራስ ፊቱ ላይ ጭኖ። ፊቱ አመድ መስሎ። ዘግቼበት! ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ይህ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲያለቅስ እኔ አንሶላ ሳጥፍ ያላየሁትን አይተው ነው እንጂ በምን ያውቃሉ? ማን እንዴት እንዳወቀ መጠየቅ አእምሮዬ አልቻለም። በሩ እዚያ ነው፣ ግን አልከፈትኩትም። ፈራሁ። ከፍቼ ካየሁት እውነት ይሆናል። እዚያው የልብሱ ክምር ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

እነሱም በየተራ ማውራት ጀመሩ። ፖስተኛው «እግሬ ተሰብሮ የተኛሁ ጊዜ ሥራዬን እንዳላጣ ደብዳቤውን ያደለልኝ እሱ ነው» አለ። «ግማሹን የማይሆን ቤት አግብቶታል፣ ግን አንድም ቀን አላረፈም።» ይህንን እኔ አላውቅም ነበር። ለካ ያን ሰሞን ጫማው የተበሳው በዚህ ነው! የምድር ባቡሩ ተከላካይ «ካሠለጠኑኝ ሁሉ ‹አንተ ከእኔ ትሻላለህ› ያለኝ እሱ ብቻ ነው» አለ። ዳቦ ጋጋሪው ሊናገር አፉን ሲከፍት ለቅሶ ቀደመውና የሆቴሉን ንጹሕ አንሶላ አንስቶ ተናፈጠበት። መቃብር ቆፋሪው ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ አይጨነቁ፣ በነጻ ነው የምቆፍርለት። ጥሩ ቦታ አለኝ፣ ሜዳውን የሚያይ» አለኝ። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም የሚሉት እውነት ነው።

ሊቀመንበሩ ከዳኛውና ከምድር ባቡሩ አሠልጣኝ ጋር መጨረሻ ላይ ደረሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቁም ሣጥኑን ተደግፈው፣ ሳይገፉት፣ በተሰበረ ድምፅ ተናገሩ።

«ዛሬ ድሉን ለእኛ ትቶ ሄደ። እኔ ጨክኜበት ነበር፣ አጥፍቻለሁ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እናገራለሁ፤ በሕይወት ቢኖር ኖሮ የክለባችን የዕድሜ ልክ አሠልጣኝ አደርገው ነበር!»

የኋላው ክፍል በር ሲጥ አለ።

«የዕድሜ ልክ ነው ያሉት?» አለ ወንድሜ።

የትራሱ ጥልፍ ጉንጩ ላይ ታትሟል፣ ፀጉሩ ቆሟል። ዳቦ ጋጋሪው «ኡኡ!» ብሎ ደረጃውን በቂጡ ወረደው። ፖስተኛው ከጠረጴዛው ሥር ገባ። መቃብር ቆፋሪው ብቻ ሳይደነግጥ ከላይ እስከ ታች አየውና «ይቅር በቃ» አለ። እኔ ደግሞ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ እርጥቡን ፎጣ አንስቼ ራሱን፣ ትከሻውን፣ ጀርባውን እዠልጠው ጀመር። «አንተ! አንተ! አንተ!» ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም።

የምድር ባቡሩ አሠልጣኝ ነገሩ ሲገባው እንደ እብድ ጮኸ። «ይሄ ማጭበርበር ነው! ወይ ጎሉ ይሰረዝ፣ ወይ ሰውየው ይሙት!»

ሁሉም ወደ ዳኛው ዞረ። ጥርስ ሐኪሙ መሀረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና አሰብ አደረገ። «በሕጉ ላይ አሠልጣኝ በሕይወት ይኑር የሚል የለም፣ ይሙት የሚልም የለም» አለ። «ጎል ጎል ነው።» ሊቀመንበሩ ወንድሜን አዩት፣ ቃላቸውን የሰማውን ሃያ ሁለት ሰው አዩት፣ ባርኔጣቸውን ደፉ። ለአንድ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ካለቀሱለት በኋላ ማባረር ይከብዳል። «እንኳን ደህና… ተነሳህ» ብለው ወጡ።

ሰዉ ሁሉ ሲሄድ ወንድሜ የልብሱ ክምር ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ አላየውም።

«መቼ ነው የነቃኸው?» አልኩት።

«አልተኛሁም። ከመጀመሪያው ጀምሮ እሰማ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አትወጣም፣ አንተ ጨካኝ? ልቤ ቆሞ ነበር እኮ!»

«ልወጣ በሩን ይዤ ነበር።» አንገቱን ደፋ። «እነሱ ሁሉ ጥሩ ጥሩ ሲናገሩ ሰማሁ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ግን አንቺ አንድ ነገር ብቻ ነው ያልሽው። ደጋግመሽ።»

«ምን አልኩ?» የምሬን ነው፣ አላስታውስም ነበር።

«‹ከእንግዲህ ማንን ልቆጣ? ማንን ልቆጣ?› ትዪ ነበር።»

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል።

«ያኔ ነው በሩን የለቀቅኩት» አለ። «ሊቀመንበሩ የዕድሜ ልኩን ነገር ባይሉም መጋዘኑን ትቼዋለሁ፣ እትዬ። ቢያባርሩኝም የትም አልሄድም።»

አንድ ነገር ልለው ፈልጌ ነበር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያላልኩትን።

«ተነስ!» አልኩት። «ሃያ ሁለት ሰው ጭቃውን ያራገፈበትን ደረጃ ማን ይጠርገዋል? እኔ?»

ተነስቶ መጥረጊያውን ያዘ። አጠራረጉ አይረባም፤ ጭቃውን ከላይኛው ወደ ታችኛው ደረጃ ያዛውረዋል እንጂ አያነሳውም። በሩ ላይ ቆሜ እያየሁት፣ ለዚያ ቀን አልተቆጣሁትም።